ቅራሪ የሌለው ቢራ

አዲስ አበባ ውስጥ የማይጠጣ ሰው ሆኖ መኖር አይከብድም። ቦታው የታወቀ ነው። አምቦ ውኃ በሎሚ ይመጣለታል፣ የጥብሱ ሸክላ ወደ እሱ ዞሮ ይቀመጣል፣ ሲመሽ የመኪናው ቁልፍ ይሰጠዋል፣ በማግሥቱም ማን ምን እንደዘባረቀ የሚመሰክረው እሱ ነው። ስለዚህ ይከበራል፤ ትንሽም ይፈራል። ጣጣው የሚመጣው ይኸው ሰው አንድ ቀን ተነሥቶ «እስቲ ዛሬ እኔም አንድ ቢራ ልቅመስ፤ ግን ለስለስ ያለ፣ የማይመር ይሁን» ያለ ለት ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሙሽራ ነው። ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ ሚዜ ይሆናል፤ ሚዜ ደግሞ ሙሽራውን ጠይቆ አያውቅም።

እንዲህ ያለ ሠርግ በቅርቡ ኢምፔሪያል ታድሜያለሁ። ኢምፔሪያል ስል ሆቴሉን ማለቴ አይደለም። ሆቴሉ ስሙን ለሠፈሩ ካወረሰ ቆይቷል፤ በቀለበት መንገዱ ከመገናኛ ወደ ቦሌ የሚሄደው የታክሲ ረዳት «ኢምፔሪያል ወራጅ!» ሲል አልጋ የያዘ እንግዳ የሚጠብቅ የለም። እኛ የተቀመጥነው ከመንገዱ ወደ ገርጂ በኩል ገባ ብሎ ካለ፣ ፊቱ ሥጋ ቤት ጀርባው ግሮሰሪ ከሆነ ቤት ነው። ሥጋው ከፊት ተሰቅሏል፣ የቢራው ሳጥን ከኋላ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ በመሀል ቴሌቪዥኑ የእንግሊዝ ኳስ ያሳያል። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ያውም ደመወዝ የወጣበት ቅዳሜ።

ሙሽራችን የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን ነው፤ ሠላሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። የኛ ሰው የሒሳብ ሠራተኛ አይደል፣ መጠባበቂያ ይዞ ነው የመጣው።

አስተናጋጇ መክፈቻዋን ከሽርጧ በክር አንጠልጥላ መጣችና «ምን ልታዘዝ?» ብላ ወደ እሱ ዞረች። እሱ አፉን ሳይከፍት አራት ትእዛዝ ወጣ።

መጀመሪያ የተናገሩት የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «ልጄ፣ ለጀማሪ ሜታ ነው። የሰበታ ውኃ ሆድ አይነካም» አሉ። ከጎናቸው የተቀመጠው ልጅ የጊዮርጊስ ደጋፊ ነው፤ ክለቡን ማለቴ ነው፣ ቢራው በዚያው ተከትሎ መጥቶ ነው። «ጋሼ፣ በፈረንጅ ከ1922 ጀምሮ የሚጠመቅ ቢራ እያለ?» አላቸው። እሱ ዘንድ ዕድሜ ማለት ለስላሳነት ነው፤ መቶ ዓመት የኖረ ነገር ሰው አይጎዳም። ሐረር ተወልዳ ያደገችው ባልደረባችን ክርክሩን መስማትም አልፈለገች። «አቦ ተዉት ልጁን! ሐረር አምጪለትና ይረፍ» ብላ ፈረደች። አራተኛው ባለአክሲዮናችን ነው። የሐበሻ ቢራ ፋብሪካ ገና ባዶ መሬት ሳለ አክሲዮን ከገዙት በሺዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች አንዱ ነው፤ ቢራው በ2007 ዓ.ም. ገበያ ከወጣ ወዲህ ሌላ ጠርሙስ ሲከፈት ባየ ቁጥር የትርፍ ድርሻው የቀነሰበት ይመስለዋል። «እኔ ስለ ትርፍ አይደለም» ብሎ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ ስለ ትርፍ ነበር።

ልብ በሉ፤ ከአራቱ አንዳቸውም ስለ ጣዕም አልተናገሩም። ልጁ «ለስለስ ያለ» ነው ያለው፤ ጋሼ ወጣትነታቸውን አዘዙለት፣ አንዱ ክለቡን፣ አንዷ የትውልድ ከተማዋን፣ አንዱ የባንክ ደብተሩን። ለነገሩ የሀገራችን የቢራ ስም ራሱ ሰውን እዚህ ውስጥ ይከተዋል። በደሌ፣ ሐረርና ራያ አገር ናቸው፤ ዳሽንና ዘቢዳር ተራራ፤ ዋልያ የሰሜን ተራሮች እንስሳ። የአምስተኛ ክፍል የጂኦግራፊ መምህር ማስተማሪያ ቢያጣ ግሮሰሪ ገብቶ የፍሪጁን በር ቢከፍት ይበቃዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ «ይኼኛው አይጣፍጠኝም» ማለት ስለ መጠጥ መናገር አይደለም፤ የሰው አገር መንካት ነው።

የሠርጉን ጨዋታ የሚያበላሽ ነገር አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩ እንጂ። ጋሼና የጊዮርጊሱ ደጋፊ የሚጣሉበት ምክንያት ካበቃለት ቆይቷል። ሜታን መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ዲያጆ ሸጠ፤ በ2014 ዓ.ም. ዲያጆ ለቢጂአይ አስረክቦ ወጣ። ቢጂአይ ደግሞ ጊዮርጊስን የሚጠምቀው፣ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ነው። ሁለቱ ሰዎች እየተሰዳደቡ የሚከፍሉት ብር አንድ ኪስ ይገባል። የሐረሯ ልጅ «የኛ» የምትለው ፋብሪካም ከበደሌ ጋር በ2003 ዓ.ም. ለሆላንዱ ሄኒከን ተሽጧል፤ ዋልያም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ባለአክሲዮናችን በኩራት የሚጠራው ሐበሻ ላይም ሌላ የሆላንድ ጠማቂ ዋናውን ድርሻ ይዟል። ጠረጴዛችን ላይ የነበረው ጦርነት ባጭሩ የፈረንሳይና የሆላንድ ነበር፤ እኛ ዘማች ነን።

ቀድሞ ይህን ሁሉ ምክር የሚሰጠው ቴሌቪዥን ነበር። ዜና ሊጀምር ሲል ተራራው ይታያል፣ እስክስታው ይወረዳል፣ ጎረምሶች ጠርሙስ ያጋጫሉ፤ ሰው ቢራ ሊጠጣ ይሁን ሀገር ሊያድን ግራ እስኪገባ ድረስ። ያ የ2011 አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ጠፋ ብለን ነበር። አልጠፋም፤ ወርዶ ከጎናችን ወንበር ስቦ ተቀምጧል። ይኼኛው ደግሞ ክፍያ አይጠይቅም፣ እንዲያውም ሒሳብ ራሱ ይከፍላል።

እና ለስለስ ያለው የትኛው ነው? እውነቱን ለመናገር፣ ጀማሪ የሚያስጨንቀውን ያህል ልዩነት የለም። በየግሮሰሪው የምናገኛቸው የሀገር ውስጥ ቢራዎች አብዛኞቹ ላገር የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ እርሾው በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚሠራበት፣ ጠርቶ የሚወጣው። የአልኮላቸው መጠን 5 በመቶ ግድም ነው፤ ጠርሙሱ 330 ሚሊ ሊትር። የገብሱ ብቅል በተፈጥሮው ወደ ጣፋጭነት ያደላል፤ ምሬቱን የሚያመጣው ሆፕስ የሚሉት የባሕር ማዶ አበባ ነው፤ ጠላ ውስጥ ጌሾ የሚሠራውን ሥራ እሱ ይሠራል። ጠቆር ያለ ቢራ ሲያዩ «ይኼ ኃይለኛ ነው» ብለው የሚሸሹም አሉ። ጥቁረቱ ብቅሉ ጠንከር ብሎ ከመቆላቱ የሚመጣ ነው እንጂ ከአልኮሉ ጋር ዝምድና የለውም። ሰው የሚጥለውስ ጠርቶ ውኃ የመሰለው አረቄ አይደል?

ከቢራው ስም ይልቅ ለጀማሪ የሚበልጠው አስተናጋጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁት፣ እኛ ግን ሳናስብ የምንመልሰው ጥያቄ ነው፤ «ቀዝቃዛ ነው ኖርማል?» ቅዝቃዜ ምላስን ያደነዝዛል፣ ምሬቱን ይሸፍናል። ኖርማል የተባለው ግን ያለውን ሁሉ ያወጣዋል። ጉሮሯቸውን የሚፈሩ ጋሼዎች «ኖርማል» ሲሉ ሰምቶ «ለኔም እንደሳቸው» የሚል ጀማሪ መጀመሪያ ላይ የሚፈልገውን አላወቀም፤ እሳቸው እዚያ ለመድረስ ሠላሳ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ከዚያ ቀጥሎ ብርጭቆ ነው። ከጠርሙሱ አንገት የሚጠጣ ሰው ጋዙን ሁሉ ወደ ሆዱ ይልከዋል፤ ዘንበል አድርጎ ብርጭቆ ውስጥ ቢቀዳው ግን ጋዙ በአረፋ ይወጣለታል። ድራፍት ይለሰልሳል የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ የሚመስለኝ በዚሁ ምክንያት ነው፣ ቀዝቅዞና አረፋ ይዞ ስለሚቀዳ። የድራፍት አደጋው ጃምቦ ነው። አራት ጃምቦ የያዘ እጅ ወደ ጠረጴዛ ሲመጣ «ለኔ ነጠላ ይሁን» የሚል ድምፅ ያላት ነፍስ አላጋጠመችኝም።

ይህን ችግር ግን እናቶቻችን ድሮ ጨርሰውት ነበር።

ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ገና ያልጠለለው ጉሽ አለ፤ ወፍራም፣ ሳይታሰብ እግር የሚይዝ። ከዚያ የጠለለው ዋናው ጠላ ይመጣል። እንስራው ወደ ማለቁ ሲሆን ዝቃጩ ላይ ውኃ ይጨመርበትና ቅራሪ ይሆናል፤ ቀጭን፣ ጎምዘዝ የሚል፣ ጥም የሚቆርጥ። ቅራሪ ለልጅ፣ ለእረኛ፣ ለቀን ሠራተኛ ይቀዳል። በጠጅ በኩልም እንዲሁ ነው፤ ማሩ ሳይብላላ ብርዝ አለ፣ ቆይቶ ነው ጠጅ የሚሆነው። ወሎ ከሄዳችሁ ደግሞ ቀሪቦ ይቀርብላችኋል፤ ገብሱ አለ፣ ስካሩ የለም። ከሁሉ የማደንቀው ግን ማን ምን እንደሚጠጣ የምትወስነው ጠማቂዋ መሆኗን ነው። በር ላይ የቆመውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች፤ ለአንዱ በዋንጫ፣ ለአንዱ በጣሳ፣ ለአንዱ «ቅራሪ ነው ያለን» ትለዋለች። እንስራው ሙሉ ሆኖ ሳለ።

የቢራ ፋብሪካ ቅራሪ አይሸጥም። ሶፊ ማልት አለ፣ ንጉሥ ማልት አለ፣ ስንቅ አለ፤ ጥሩ ናቸው፣ ጾም ላይ ያለ ሰውም ነፍሰ ጡርም ይጠጣቸዋል፤ ነገር ግን አልኮል የለባቸውም። ዜሮው እዚያ ማዶ፣ አምስቱ እዚህ ማዶ ነው። በመሀል የሚያሻግር ድልድይ ፍሪጁ ውስጥ አላየሁም።

ድልድዩን የሠራችው አስተናጋጇ ናት። አራቱ ሚዜዎች ሲጮሁ መክፈቻዋን በጣቷ እያሽከረከረች ቆይታ ወደ ሙሽራው ጎንበስ አለች።

«የኔ ወንድም፣ ቡና ስትጠጣ ስኳር ስንት ነው የምታደርገው?»

«ሦስት።»

«በሲኒ?»

«አዎ፣ በሲኒ። ሲኒው ተለቅ ካለ አራት።»

ቀና ብላ አራቱን ተራ በተራ አየቻቸው። «እና ይኼን ሰው ነው ቢራ እንዲሁ የምታጠጡት?» አለችና ሄደች።

እኔ በበኩሌ ስለ ቢራ ምርጫ ከተጻፈው ሁሉ ይህቺ ጥያቄ ትበልጥብኛለች። ምሬት ሰው ተለማምዶ የሚወደው ነገር ነው፤ ቡናውን ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው ምላሱ ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ሦስት ማንኪያ የሚያደርገው ገና ከቤት አልወጣም። ጥያቄዋ የትውልድ አገር አትጠይቅም፣ ክለብ አትጠይቅም።

ስትመለስ አንድ ቀዝቃዛ ጠርሙስ፣ አንድ ስፕራይትና አንድ ባዶ ብርጭቆ ይዛ መጣች። ጠርሙሱን ከአንገቱ እስከ ሆዱ በሶፍት ጠቅልላዋለች፤ ቆርኪውን እዚያው ባንኮኒው ጋ ከፍታ ሽርጧ ኪስ ከታዋለች። ምን ቢራ እንደሆነ አይታይም። ጋሼ «ይኼ ምንድነው የተሸፋፈነው?» አሉ። «ቢራ ነው፣ ጋሼ» አለቻቸው። ጋሼ ይቅመሱ ተባለና ከብርጭቆው ጫፍ ቀመሱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው፣ «ይኸውላችሁ! ሜታን ደግሞ እኔ ላጣው?» አሉ። የጊዮርጊሱ ልጅ ከአፋቸው ነጥቆ ቀመሰና በእናቱ ስም ማለ፤ ጊዮርጊስ ነው። የሐረሯ ልጅ መቅመስም አላስፈለጋት፣ በጠረኑ አወቀችው። ባለአክሲዮኑ ሁለት ጊዜ ጎንጭቶ «የኛ ነው፤ እንዲያውም የሰሞኑ ምርት ነው» ሲል ብርጭቆው ግማሽ ሆነ። አስተናጋጇ ሌላ ጠረጴዛ እየጠረገች ትስቃለች። እስክንወጣ ድረስ አልተናገረችም።

ሙሽራው ከተረፈለት ላይ ግማሽ ብርጭቆ ቢራ፣ ግማሽ ብርጭቆ ስፕራይት ተቀዳለት። ጎንጭቶ ሳይጨርስ ሒሳቡን ሠርቷል፤ 5 በመቶው ለሁለት ሲካፈል 2 ነጥብ 5። ይኸው ቅራሪ ተገኘ። ሚዜዎቹ ግን አፈሩበት። «ቢራ በስፕራይት የልጅ ነው»፣ «ቢራውንም ስፕራይቱንም ገደልከው»፣ ሌላም ሌላም። ጀርመን ቢራ ያውቃል የሚባል ሕዝብ ነው፤ ቢራን በሎሚ ለስላሳ በጥብጦ ራድለር የሚል ስም ሰጥቶ በጠርሙስ ይሸጠዋል፣ እንግሊዞቹም ሻንዲ ይሉታል። ቢራውን ያስተማሩን ካላፈሩበት እኛን ኢምፔሪያል ላይ ምን አሳፈረን? አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ጣፋጩ አልኮሉን ይደብቀዋል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይጎነጫል። ቅራሪም ቢሆን በእንስራ ከጠጡት ያው ነው።

«እንዴት ነው?» አልነው።

«ደህና ነው፤ ስፕራይት ስፕራይት ይላል» አለ። ባለአክሲዮኑ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ቁርጡ መጣ። ጀማሪን በባዶ ሆዱ አታጠጡ የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሚጥሚጣን ከቢራ ጋር ማን እንዳጋባቸው አላውቅም። ጋዝ ያለው መጠጥ በበርበሬ የተቃጠለ አፍ ላይ ሲያርፍ ቃጠሎውን ያነሣሣዋል እንጂ አያበርደውም። ልጁ ጎድን ተዳቢቱን በሚጥሚጣ ጠቅሶ ጎረሰ፣ ተቃጠለ፣ ቢራውን ጨመረበት፣ ባሰበት፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ጋሼ በርኅራኄ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አይዞህ፣ ሁላችንም አልቅሰን ነው የጀመርነው» አሉት። እንጀራ ብትሰጡት ይበርድለት ነበር።

ብርጭቆው ሲያልቅ ዋናው ፈተና መጣ። በሀገራችን አንድ ቢራ ጠጥቶ መነሣት አይቻልም፤ «በአንድ እግር አይቆምም» ይባላል። ሁለተኛው ሲያልቅ ሦስተኛው ለሥላሴ ነው። አራተኛው ሲመጣ ምክንያት የሚጠይቅ አይኖርም። ለዚህ የሚሆን መከላከያ ያስፈልጋል፤ የሚሠራውም ጥቂት ነው። «በቃኝ» አይሠራም፤ ያዳምጡታል እንጂ አይሰሙትም። «መኪና እነዳለሁ» ድሮ አይሠራም ነበር፣ ትራፊክ ፖሊስ የትንፋሽ መመርመሪያ ይዞ መቆም ከጀመረ ወዲህ ትንሽ ተሰሚነት አግኝቷል፤ የኛ ሰው ግን መኪና የለውም፣ ይህን ደግሞ ሁሉም ያውቃል። «ስእለት አለብኝ» ይሠራል፤ ግን የትኛው ታቦት፣ መቼ፣ ለምን የሚል ምርመራ ይከተለዋል። ሳይመረመር የሚያልፈው አንድ ብቻ ነው፤ «መድኃኒት ላይ ነኝ።»

ልጁም ይህን ተናገረ። ጠረጴዛው ወዲያው ጸጥ አለ፤ ሊቀዳለት የተነሣው ጠርሙስ ተመለሰ፣ ጋሼ «ታዲያ ቀድመህ አትናገርም?» ብለው ተቆጡ፣ የሐረሯ ልጅ አስተናጋጇን ጠርታ አምቦ ውኃ በሎሚ አዘዘችለት። ሒሳብ ለመክፈል ኪሱ ሲገባም «አንተ ለሕክምናህ ያዘው» ብለው እጁን መለሱት።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። የጥበቃው ሠራተኛ «እግዜር ይማርህ» አሉት። ከሰው ሀብት ክፍል አንዷ እናት ነጭ ሽንኩርት በማር በብልቃጥ ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት፣ በባዶ ሆድ አንድ ማንኪያ። ባለአክሲዮኑ የሚያውቀው ጎበዝ ሐኪም እንዳለ ነገረው። እሱም ምን ያድርግ፤ አመስግኖ፣ ብልቃጡን ከፍቶ፣ ሁሉም እያዩት አንድ ማንኪያ ዋጠ። «ጣፋጭ ነው» አለኝ በጆሮዬ፣ «ከቢራው ይሻላል»።